አምስት ረድፍ ንቅሳት

ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሸዋረጋ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አወረደች። ያወረደችው ለሐኪም ነው። እኔ የባሏ እኅት ነኝ፤ ዓመታት ሙሉ ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬያለሁ። እንቅርቱ ከወጣበት ወዲህ ግን ያን አንገት በቀን ብርሃን ተገልጦ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ገብስ ስታጭድም፣ ውሃ ስትቀዳም፣ ጸጉሯን ስትሠራም ከአንገቷ ላይ ጨርቅ አይወርድም ነበር።

እንቅርቱ የሰባ በግ ላት አክሏል። በላዩ ላይ አምስቱ ረድፍ ንቅሳት ተለጥጦ፣ ጥቁርነቱ ለቅቆ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። በልጅነቷ ተጠጋግቶ የተነቀሰው መስመር አሁን በመካከሉ ሁለት ጣት ያስገባል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አላት ዶክተር ታዲዮስ። ከአዲስ አበባ እንቅርት በነፃ ሊያወጡ ደብረ ብርሃን ከመጡት ሐኪሞች አንዱ ነው።

«ባለቤቴ ከሄደ ወዲህ የመጣ ነው።»

«መቼ ሄደ?»

«በሰማንያ አንድ፣ ጥር ላይ።»

«ወዴት?»

«ዘመቻ።»

ሐኪሙ ከሚጽፍበት ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

የሄደው ወንድሜ መኳንንት ነው። አገራችን ከሞላሌ ወዲያ፣ ጓሳ ጫፍ ነው። ሸዋረጋን ከግሼ፣ ከራቤል ነው ያመጣናት። እሷ ገና ልጅ ሳለች እናቷ እንቅርት እንዳይወጣባት ብላ አንገቷን አስነቅሳታለች፤ በእኛ አገር ንቅሳት ጌጥም መድኃኒትም ነው። ለሙሽርነቷ የመጣ ሰው ሁሉ ብርሌ አንገት እያለ ዘፈነ። መኳንንትማ ሌላ ነገር የሚያይም አይመስል ነበር። ማታ ከእርሻ ሲገባ እሳት ዳር ይቀመጥና፣ «አምጪ እስቲ፣ በጎች ሁሉ ገብተዋል?» እያለ ረድፎቹን በጣቱ ይቆጥራል። እናቴ «አይ ነውረኛ» ትለዋለች። እሷም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ከዘማቾቹ ጋር በሄደ ጠዋት ስንቁን ተሸክሜ እስከ መኪናው የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሸዋረጋ ከኋላችን ነበረች። መኪናው ላይ ወጥቶ ሲያበቃ አጎንብሶ፣ «ስመለስ እቆጥራቸዋለሁ። አንድ በግ ቢጎድል ከቤት አልገባም» አላት። አጠገቡ የነበሩት ዘማቾች ሳቁ። በግ ሊነዳ የሚመለስ መስሏቸው ይሆናል።

በ1983 ጦሩ ሲበተን ወታደሩ በእግሩ በአገራችን አለፈ። እግራቸው ያበጠ፣ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች ነበሩ። ሸዋረጋ ሁሉንም ጠየቀች። አንዱ የመርሐቤቴ ሰው፣ ኤርትራ ውስጥ በደኅና አየሁት አላት። ሌላው ስሙን ሰምቼ አላውቅም አላት። ከዚያ በኋላ የሚያልፍም ጠፋ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ለእናትና ለሚስት ይነግራሉ፤ ሚስት ጸጉሯን ትፈታለች፤ ከዚያ በኋላ ይለቀሳል፣ ተዝካርም ይወጣል። ለእኛ መርዶ ነጋሪ አልመጣም። ዓመታት ሲያልፉ ሽማግሌዎቹ፣ ያለ መርዶም ቢሆን ይበቃል፣ ልቅሶ እንቀመጥ አሉ። እናቴም እሺ አለች። ግን ሚስቲቱ ጸጉሯን ካልፈታች በማን ቤት ይቀመጣሉ? ሸዋረጋ ጸጉሯን አልፈታችም። እናቴ በየዓመቱ መከር ሲገባ ለተዝካሩ ጠላ ብላ ብቅል ታበቅላለች፤ በየዓመቱም ብቅሉ ለሌላ ነገር ይውላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሸዋረጋ የምትፈራው ሞቱን አልነበረም። መጥቶ እንዳያልፋት ነበር የምትፈራው። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ «ከመኪና ቢወርድ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ 'የሸዋረጋ ቤት በየት ነው' ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል» አለችኝ። እንቅርቱ ያን ጊዜ ነጠላውን መግፋት ጀምሯል።

ስለዚህ ሐኪሞቹ መጡ ሲባል ለመሄድ አላመነታችም። አገሩ አወራ። ባል የሌላት ሴት አንገቷን የምታሠራው ለማን ነው ተባለ። የእናቴ ወንድም ጋሽ ገሠሠ ደጃችን ላይ ቆመው፣ «ለማን ነው አንገቷን የምታስጠርበው? ቀንበር ሊሆን ነው?» አሉ። ሸዋረጋ ከውስጥ ሰማች። «ቀንበሩንስ ለምጄዋለሁ ጋሼ» አለቻቸው።

እናቴ ከመሄዳችን በፊት እኔን ወደ በጎቹ በረት ወሰደችኝ። «ጌታነሽ፣ ከሰው ራቅ ስትሉ ንገሪያት። እኔ ሳልሞት ልጄን ላልቅሰው። ጸጉሯን ፈትታ ትመለስልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ለእናቴ ብዬ ብቻ አይደለም። እኔም ወንድሜን ማልቀስ እፈልግ ነበር። ሰው ሞቶብሃል ካልተባልክ ደረትህን መምታት አትችልም።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ከሐኪሙ ፊት የተቀመጥኩት።

«ትንፋሽ ያጥርሻል?» አላት ዶክተር ታዲዮስ።

«አያጥረኝም።»

«ስትውጪስ ያንቅሻል?»

«አያንቀኝም።»

«እንግዲያው የግድ መውጣት የለበትም። ብትተዪውም ትኖሪያለሽ።»

«ለመኖር አይደለም የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለመታየት።»

አልሳቀባትም። ወንበሩን አስጠግቶ በደንብ አስረዳት። ክኒን እንዲህ ያለውን የቆየ እንቅርት አያጠፋውም። ሁሉንም ካወጣው ደግሞ ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ክኒን መዋጥ አለባት፤ ሞላሌ ያን ክኒን አታገኝም። ስለዚህ አብዛኛውን አውጥቶ ጥቂት ይተውላታል። «ማንቁርትሽን ወደ ጎን ገፍቶታል» አላት፤ «ሲወጣለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከኋላው ግን የድምፅ ጅማት ያልፋል። እጠነቀቃለሁ። ቢሆንም ድምፅሽ ሊሻክር ይችላል።»

«ይሻክር።»

«ሌላም አለ።» በሁለት ጣቱ ቆዳውን ቆንጠጥ አደረገ። «ይሄ ተለጥጧል። ውስጡ ሲወጣ ባዶውን ይንጠለጠላል። ጥቂት ይሰበሰባል፤ ሁሉም አይሰበሰብም። ከፈለግሽ ትርፉን ቆርጬ እሰፋዋለሁ፤ አንገትሽ ለስላሳ ይሆናል። ስፌቱን በንቅሳቱ መስመር ላይ አሳልፈዋለሁ፤ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው እንኳ አያየውም።»

ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ሸዋረጋ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ትርፉ ስንት ረድፍ ይወስዳል?»

በጣቱ ለካ። «ሁለት። ምናልባት ሦስተኛውንም ይነካል።»

ነጠላዋን መልሳ ጠመጠመች። «እስከ ነገ ላስብበት» አለች።

«ምኑን?» አለ ዶክተሩ፤ «የመጣሽው ለመልክ ከሆነ መልኩ እሱ ነው።»

ወደ ውጭ ወጣን። ደጁ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲዲቃ የምትባል ከቆላው የመጣች ጨርቅ ነጋዴ ተቀምጣለች፤ እሷም እንቅርት አለባት፣ ከሸዋረጋ ያነሰ። አጠገቧ መርስዔ ኃዘን የተባለ የመርሐቤቴ የዜማ ተማሪ አለ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ማንቁርቱ ከአንገቱ ተገንጥሎ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ሐኪሙን ይህን ጠርብልኝ ብሎት ወጥቷል።

«ምን አለህ?» አለችው ሲዲቃ።

«ውጭ አገር የሚሠሩት አሉ አለኝ። ግን የድምፁ ክር እዚያው ላይ ነው የታሰረው፤ ቢሳሳቱ ዜማህን ይዘውት ይሄዳሉ አለኝ። ጤነኛ ነህ፣ ሂድ አለኝ።»

«ደግ አደረገ። የዋጥካት ዶሮ እንቁላል እስክትጥል ታገሥ።»

«አንቺ ትስቂያለሽ» አለ መርስዔ ኃዘን፤ እሱም እየሳቀ። «ማኅሌት ስቆም ጓደኞቼ ዜማውን ትተው እሱን ነው የሚከተሉ። ሲወጣ አራራይ፣ ሲወርድ ዕዝል ይላሉ።»

ሸዋረጋ ሳቀች። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ስትስቅ ያን ጊዜ አየኋት። ሲዲቃ ዞር ብላ፣ «አንቺስ ምን ወሰንሽ? እኔ ትርፉን ቁረጠው ብዬዋለሁ» አለቻት።

«እኔ ንቅሳት አለብኝ።»

«ቢሄድስ? ለማን ብለሽ ነው?»

«ለባለቤቴ።»

«የት ነው ያለው?»

«ዘመቻ።»

 ሲዲቃ ቀስ ብላ፣ «የትኛው ዘመቻ?» ብላ ጠየቀች። ሸዋረጋ ነጠላዋን አጠበቀች። ሲዲቃ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ልጣና ግማሹን ሰጠቻት። 

ከሰዓት በኋላ በሐኪም ቤቱ አጥር ውስጥ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ሰው ራቅ ብሏል። እናቴ ያለችው ጊዜ ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ።

«ሸዋዬ፣ አይመጣም» አልኳት።

ሣር እየነቀለች ነበር። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ማንም ስላልነገረን ነው እንዲህ የቀረነው።»

«እናትሽ ናቸው የላኩሽ።»

«እሷም ናት። እኔም ነኝ። ላልቅሰው ሸዋዬ።»

«አልቅሺ። እኔ መች ከለከልኩሽ?»

«ያለ አንቺ አይሆንም። ታውቂዋለሽ።»

የነቀለችውን ሣር ጉልበቷ ላይ ደረደረችው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ሲደረደር እንደሚደረገው፣ ሥሩን ወደ አንድ ወገን አድርጋ። ከዚያ ሳታየኝ ተናገረች።

«ሞቶ ይሆናል ሳልል የቀረሁ ይመስልሻል? ብያለሁ። ገብስ ሳበጥር እላለሁ፤ በግ ስሸልት እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ሞቷል እልና፣ ማታ ውሻው ሲጮኽ እነሣለሁ። ምን ላድርግ? ባይሞትስ? ከዚያ መኪና ሲወርድ ገበያው ሁሉ ነጠላ የለበሰ ሴት ነው። እኔ መሆኔን በምን ይለይ?»

«በፊትሽ።»

«ፊቴንማ አያውቀው» አለችና ፈገግ አለች። «ዓይኑ ከአንገቴ መች ተነሥቶ።»

እውነቷን ነው። እኔም ወንድሜን ሳስበው እሳት ዳር አጎንብሶ ሲቆጥር ነው የሚታየኝ። ድምፁ ከራሴ ወጥቶ ከጠፋ ቆይቷል። ጣቱ ግን አልጠፋኝም።

«ታዲያ ቆዳው ተንጠልጥሎ ቢያይሽ ደስ የሚለው ይመስልሻል?» አልኳት። ይህን ያልኩት ሐኪሙን ሰምታ እንድታምርልኝ ነው፤ እኔም ያን የድሮውን አንገት ማየት አምሮኝ ነበር።

«አንገት ያረጃል፤ እሱም አርጅቶ ነው የሚመጣ። ተንጠልጥሎ ቢያየው ዕድሜ ነው ይላል። ረድፉ ጎድሎ ካየው ግን ሌላ ሴት ናት ብሎ ያልፋል።»

ከዚህ በኋላ የእናቴን ቃል አልደገምኩትም።

በማግስቱ ትርፉን ቆዳ እንዳይቆርጠው ለዶክተር ታዲዮስ ነገረችው። «ያማረ ሥራ አይሆንም፤ በኋላ ደግሞ እንዳትወቅሺኝ» አላት። «ቆጥረው ይመልሱልኝ እንጂ አልወቅስዎም» አለችው። አልገባውም መሰለኝ፤ ግን አንድም መስመር ሳይነካ በአራተኛውና በአምስተኛው ረድፍ መካከል ቀደደ። ቀደም ብሎ ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ነርሷ ሳሌም የሸዋረጋን ማተብ ከአንገቷ ፈትታ በእጇ አንጓ ላይ አሰረችላት። ሸዋረጋ ያን ጊዜ ብቻ ነው የፈራችው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አስጠብቂልኝ አለቻት።

ፋሻው የተነሣ ቀን ሲዲቃ የእጅ መስታወቷን አበደረቻት። የሲዲቃ አንገት ለስልሷል፤ ስፌቱ ቀጭን ክር ይመስላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። የሸዋረጋ አንገት እህሉ የተገለበጠ አቁማዳ ነበር። ረድፎቹ እንደ ድሮው ተቀራርበዋል፣ ግን እየተጣጠፉ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቃል። መስታወቱን ብዙ ያዘችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሲዲቃን አንገት በጣቷ ነካችው።

«ለስላሳ ነው» አለች። ድምፅዋ ሻክሮ እንደ ሹክሹክታ ነበር።

«ቆጨሽ?» አለቻት ሲዲቃ።

«ቆጨኝ።»

«አላህ ያምጣልሽ እንግዲህ» አለች ሲዲቃ። እሷም ቃሉን የተናገረችው ከአንገት በላይ አልነበረም። ስንለያይ ሁለቱ አንገት ለአንገት ሊሳሳሙ ፈርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ተሳሳቁ።

ቤት ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ጋሽ ገሠሠ መጀመሪያ ቀርበው አዩዋት። «ምነው፣ እህሉን ወስደው ከረጢቱን መለሱልሽ?» አሉ። ሰው ሳቀ።

«ከረጢቱ የባለቤቱ ነው ጋሼ፤ እነሱ የወሰዱት እብቁን ነው» አለች በዚያ በሻከረው ድምፅ። እሳቸውም ሳቁ፤ የተሸነፉበትን ነገር የሚያደንቁ ሰው ነበሩ።

እናቴ ከመደቡ አልተነሣችም። እኔን ነው የምታየው፤ የሸዋረጋን ጸጉር አይታ፣ እንደተሠራ መሆኑን አይታ፣ እኔን አየች። ዓይኔን ሰበርኩ። ሸዋረጋ ሄዳ እግሯ ሥር ተንበረከከችና ነጠላዋን ሁሉ አወረደችው።

«ይዩልኝ እናቴ» አለቻት፤ «እንደነበረ ነው?»

እናቴ ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት። የተጣጠፈውን ቆዳ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብላ ዘረጋችው፤ ልብስ ተጣጥፎ ኖሮ እንደሚዘረጋ። ከዘረጋችው ሥር ከራቤል የመጣችው ልጅ አንገት ወጣ። እኔም አየሁት። አምስቱም ረድፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ ጣቷን በአንዱ ላይ አስቀመጠች፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። መቁጠሯ ነበር፤ እንዴት እንደሚቆጠር ከልጇ አይታዋለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን አላነሣችም።

«ሁሉም ገብተዋል» አለች።

 ከዚያ እኔን ጠራችኝና፣ «ያን ብቅል ለማርያም ማኅበር ስጪው። ዘንድሮ አልፈልገውም» አለች።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ እናቴ ብቅል አላበቀለችም። ይልቁንም በገበያ ቀን ከሸዋረጋ ጋር ሞላሌ ትወርዳለች። ሁለቱ አውቶቡስ በሚቆምበት አጠገብ ቅቤና እንቁላል ይዘው ይቀመጣሉ። የጓሳ ነፋስ እዚያ ድረስ ይወርዳል፤ ሌላው ሰው እስከ ዓይኑ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ሸዋረጋ ግን አንገቷን ገልጣ ትቀመጣለች። እናቴ፣ «ትንሽ ሸፈን አድርጊው፣ ብርድ ነው» ትላታለች። መኪና ሲመጣ ግን ራሷ እጇን ሰድዳ ነጠላውን ታወርድላታለች።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ወንድሜን የሚያለቅስልኝ ቀርቶ፣ አብሮኝ ማልቀስ የሚፈልግ ሰው ከቤት ጠፋ። ስለዚህ የሰው ልቅሶ መሄድ ጀመርኩ። ለማላውቀው ሟች እስከ ግሼ ተጉዤ ደርሻለሁ። እዚያ ማንም ለማን ነው የምታለቅሺው አይልም። መጀመሪያ ከኋላ ቆሜ ነበር የምቀበለው፤ በኋላ ግጥሙ እየመጣልኝ ከፊት ቆምኩ። የወንድሜን ስም ግን አንድም ቀን አላነሣሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጇን ለቀበረች ሴት ሙሾ ሳወርድ፣ ሳላስበው እንዲህ አልኩ፤

ታድላችሁ እናንት፣ አፈሩን አያችሁ፤
የኔን ሰው የት ልበል፣ እስኪ ልጠይቃችሁ።

ሸዋረጋ እዚያ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ አንገቷ ተገልጦ፣ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። ሁሉም ደረቱን ሲመታ እሷ አልመታችም።  ወደ ቤት ስንመለስ አቀበቱ አጋማሽ ላይ የያዝኩትን ዕቃ ተቀበለችኝና፣ «ደክሞሻል» አለች።

እናቴ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አረፈች። ስትሞት፣ መኳንንት ሲመጣ ቅሬታ እንዳይኖረው፣ ጠብቃው ነበር በሉት አለችን። ሸዋረጋ ከዚያ በኋላም ገበያ መውረዷን አልተወችም። ድምፅዋ ተመልሶላት ነበር፤ ከድሮው ትንሽ ወፈር ያለ ሆኖ።

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሳንባ ምች ያዛትና በሳምንቱ ሞተች። ለአርባዋ ፍትሐት ቄሶቹ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁኝ፣ የእሷን ከነገርኳቸው በኋላ የመኳንንትንም ነገርኳቸው።